ኢርሜሊ ለማለት

ምላስ አጥንት የለውም ይባላል። የቶርስቲ ምላስ ግን አጥንት የበቀለበት ይመስል «ር»ን አልልም ብሎ ስልሳ አንድ ዓመት ኖረ። የገዛ ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጥራት ስለማይችል፣ ከሰው ሲተዋወቅ «መኬላ እባላለሁ» እያለ በቤተሰቡ ስም ያመልጣል። ሟች ሚስቱን ኢርሜሊንም አርባ ዓመት ሙሉ «ሜሊ» እያለ ነው የጠራት። ሰው የፍቅር ስም ይመስለው ነበር። ፍቅርም ነበር፤ ግን ፍርሃትም ነበረበት።

ዘንድሮ ልጁ ቱላ ሴት ልጅ ወለደች። ፊንላንድ ውስጥ የሕፃን ስም እስከ ጥምቀቱ ቀን ከወላጆቹ ጓዳ አይወጣም፤ የዚያን ዕለት ቄሱ ሲጠይቁ አንድ የቤተሰብ ሰው ጮክ ብሎ ይናገረዋል።

«አባዬ፣ ኢርሜሊ ልንላት ነው። የምትናገረው አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ» አለችው ቱላ። «ከከበደህ ግን ለአክስቴ ለሂልካ እነግራታለሁ» ብላ ጨመረች።

ሂልካ! በሠርጋቸው ቀን እንኳ በአነጋገሩ ያላገጠችበት የሚስቱ እህት! ቶርስቲ በማግስቱ ከተማ ወርዶ የንግግር ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሟ በልጁ ዕድሜ ያለች ቀልደኛ ሴት ነበረች።

«እስቲ ‹ር› ይበሉልኝ፣ ጋሼ።»

ከጉሮሮው ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ወጣ።

«ይቺን ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት አንጋጥጬ ውሃ ጉሮሮዬ ውስጥ እንዳንተከትክ ታደርገኝ ነበር።»

«የስንቱን እናት ጥፋት እዚህ ሳርም እኖራለሁ!» ብላ ሳቀች። «ጋሼ፣ አድራሻ ተሳስተው ነው ስልሳ ዓመት ያንኳኩት። ‹ር› ጉሮሮ ውስጥ አትኖርም። አሁን ‹ድ› ይበሉ። የምላስዎ ጫፍ የት ነካ?»

ቶርስቲ ደጋግሞ አለና አሰበ። «ከላይኛው ጥርሴ ኋላ፣ ድዱ ጎበጥ ያለበት።»

«‹ር› ጎረቤቷ ናት። ጫፉን እዚያው ያስጠጉት፣ ግን አይጫኑት፤ ትንፋሽዎ ራሱ ያርገብግበው። የቸገረዎት ቃል የትኛው ነው? በሱ እንለማመድ።»

«አይነገርም።»

«ለእኔም?»

«የልጅ ልጄ ጥምቀት ነው።»

ያገሩ ልጅ ናትና ገባት፤ አልነዘነዘችውም። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር የአገሩን ቃል ሁሉ አስለፈለፈችው። ስሙን ግን ቶርስቲ ለብቻው ሳውና ገብቶ፣ በእንፋሎቱ መሀል ይሞክራል። አንዴ ይመጣለታል፣ ሁለቴ ይከዳዋል። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

በዚያ አገር ቤት ውስጥም ይጠመቃልና፣ የጥምቀቱ ዕለት ዘመድ ሁሉ ቱላ ሳሎን ተሰበሰበ። ቄሱ «የልጅቱ ስም ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ቶርስቲ ተነሣ። ጉሮሮው እንደ ልማዱ ሊቀድመው ሲል ምራቁን ዋጥ አድርጎ ዝም አሰኘው። ሂልካ ከፊት ወንበር ዓይኗን ተክላበታለች። የምላሱን ጫፍ ከጥርሱ ኋላ አስጠጋና ትንፋሹን ለቀቀ።

«ኢርርርሜሊ።»

ከሚያስፈልገው በላይ ረዘመች፤ ማን ግድ አለው! ቱላ አለቀሰች። እሱም በደስታ እየሳቀ ተቀመጠ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ስሟን አልጠራላትም ነበር።

ኬክ ሲቆረስ ሂልካ ሳህኗን ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ፣ ጆሮዬ ሳይደክም አልቀረም። ማን አልካት?»

«ኢርሜሊ።»

«አልሰማሁም።»

«ኢርሜሊ!»

የሂልካ ጆሮ ደህና ነበር። «እስቲ አንዴ ድገምልኝ» አለችው፣ የእህቷን ስም።