ጥቁሩ መነጽር ወይስ ቢጫው

ቡርጊ ጥቁሩን የበረዶ መነጽር ስታነሳ እህቷን አፍራን ሻይ ትን አላት።

«ለዛሬ ቀን? አብደሻል እንዴ አንቺ! ታቹን አላየሽም? ጉም በጉም ሆኗል እኮ!»

እውነቷን ነው። የበረዶ ሸርተቴው ውድድር የሚጀመርበት የተራራው አናት ላይ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፤ ታች ግን መንደሩ በጉም ተውጧል። ለፀሐይ ጥቁር መስታወት፣ ለጉም ቢጫ፤ ይሄን በኦስትሪያ የቲሮል ተራሮች ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ስኪ ያስተማረችው ቡርጊም ጠፍቷት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይብ ሠሪው ሴቨሪን ባለፈው ሳምንት በመንደሩ ጭፈራ መሃል «አግቢኝ» አላት። ደስታው አናቷ ላይ ወጥቶ የምትለው ጠፋትና «እሑድ በመንደሩ ውድድር ከቀደምከኝ!» ብላው አረፈች። የሰማው ሁሉ አጨበጨበ። ሴቨሪን ደግሞ በስኪ የቆመች ላም እንኳ አይቀድምም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡርጊ የገዛ ምላሷን ስትረግም ከረመች። በሰው ሁሉ ፊት ሆን ብሎ መሸነፍ? ሞታ ትገኛለች! በመነጽር ማሳበብ ግን ያምራል፤ ጥቁር መስታወት አድርጎ ጉም ውስጥ ማን ይፈጥናል?

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚወርዱት። መነሻው ላይ ሴቨሪን ጠጋ ብሎ አያት።

«ቡርጊ፣ ይሄን አድርገሽማ አትወርጂም። ትሰበሪያለሽ።»

«የራስህን ጉዳይ እይ።»

«ዝም ብለሽ የኔን ውሰጂ» አለና ቢጫውን አውልቆ አጠለቀላት፤ የሷን ጥቁር እሱ አደረገ።

«አንተስ በምን ልታይ ነው?»

«እኔ አየሁም አላየሁም ያው ነኝ።»

አንጀቷን በላው። ፊሽካው ተነፋ።

ቢጫው መስታወት ጉድ ነው። ጉሙ ውስጥ ስትገባ እያንዳንዷ ጉብታ ፍንትው ብላ ታየቻት፤ እግሯም ልማዱን ይዞ በረረ። ልቧ ጮቤ ረገጠ፤ ብቻዋን ትስቃለች። በረዶው ላይ የተቀባው ቀዩ የመጨረሻ መስመር ድንገት ፊቷ ድቅን ሲል ነው የመጣችበት ነገር ትዝ ያላት። ቀጥ አለች።

«ግቢ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» ብሎ ሰዉ ጮኸ።

ቡርጊ መስመሩ አፋፍ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። ከጉሙ ውስጥ የሴቨሪን ድምፅ ይሰማል። «ዞር በሉ! ምንም አይታየኝም! ይቅርታ ጌታዬ!» ይላል፤ የተጋጨው ከዛፍ ጋር ነው። በመጨረሻ በሆዱ እየተንሸራተተ ብቅ አለና በቡርጊ አጠገብ አልፎ መስመሩን በአፍንጫው ተሻገረ። መንደርተኛው በሳቅ ፈረሰ።

«ማን ቀደመ?» አለ በረዶ እየተፋ።

«አንተ ነሃ። መነጽርህ ጭጋግ ይዞ አላሳይ አለኝ» አለች ኮስተር ብላ።

ሴቨሪን ቢጫውን ከዓይኗ ላይ አንስቶ አደረገውና ግራ ቀኝ ተመለከተ።

«ውሸታም! ቁልጭ አድርጎ ነው እኮ የሚያሳየው።»

«እንግዲያው እየኝ» አለችው ተንበርክካ በረዶውን ከፂሙ ላይ እየጠረገች። «እሺ ማለት ፈልጋ ሰበብ ያጣች ሴት እንዲህ ነው የምትመስለው።»