የዋርካ ሰፈር ወረፋ

ቲቸር ተናኘወርቅ ምክር ቤት ውስጥ «ይቀመጡ» ሲሏት እሺ ብላ የተቀመጠችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን አንድ ቀን ግን እሷም አልረሳችውም፤ የዋርካ ሰፈር ሴቶችም እንድትረሳው አልፈቀዱላትም።

ተናኘወርቅ ከቡኢ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች ሴት ናት። የከተማው ግማሽ ሰው ተማሪዋ ነበር፤ የተከበሩ የምክር ቤት አባል ከተባለችም በኋላ ሁሉም «ቲቸር» የሚላት ለዚህ ነው። በተቃዋሚ ፓርቲ ስም ልትወዳደር ስትነሳ «አይ ቲቸር፣ አርፈሽ ብታስተምሪ ምን ነበረበት?» ያሏት ብዙ ናቸው። አላረፈችም። ተወዳደረች፣ አሸነፈች፣ ገባች። ወንበሩ ከነዝምታው እንደሚሰጥ የገባት ከገባች በኋላ ነው።

በከተማዋ ጫፍ ዋርካ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። ባለፈው ነሐሴ እዚያ ሪባን ተቆርጦ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ተጨብጭቦ፣ ባለ አራት ቧንቧ የውሃ ቦኖ ተመረቀ። ውሃው ሁለት ወር ወረደ። በጥቅምት አንድ ማለዳ ቧንቧዎቹ አየር ተፉና ቀጥ አሉ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ያውም ከከብት ጋር ተጋፍተው የሚቀዱትን ድፍርስ። ሕፃናቱ በተቅማጥ አለቁ። አቤቱታ ይዘው ያልረገጡት ቢሮ የለም፤ መልሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ።

የሚገርመው ወረፋው ነው። ውሃው የቆመ ዕለት አራት መቶ አሥራ ሁለት ጄሪካን ተሰልፎ ነበር፤ እያንዳንዱ እጀታው ላይ የባለቤቷ መለያ ጨርቅ ታስሮበታል። አንዲትም ሴት ጄሪካኗን አላነሳችም። ወንዝ የሚወረደው በሌላ ጄሪካን ነው፤ ይሄኛው ተራዋን ይዞላት ይቆያል። አምስት ወር ሙሉ ፀሐይ ቀለሙን እያነጣው፣ ዶሮ እየሰፈረበት ቆመ። መንገደኛ ሲያየው ይስቃል። ይሳቅ!

የወረፋው አለቃ እትዬ ዘይባ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ ቆጣ ያሉ ሴት። ሕጋቸው ሁለት ነው። ወረፋሽን ለፈለግሽው ሰው መስጠት ትችያለሽ፤ ማንም ግን ሊወስድብሽ አይችልም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቧንቧ አንዴ ከተከፈተ የመጨረሻዋ ሴት ሳትቀዳ አይዘጋም። ይህን ሕግ በዋርካ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ከውጭ የመጣ ሹም ካልሆነ በቀር።

እንግዲህ ተናኘወርቅ ይህን ጉዳይ ይዛ ምክር ቤት ተነሳች። የተሰጣት ሦስት ደቂቃ ነው። አስተማሪ አይደለች? ከመግቢያ ጀመረች፤ ሁለቱን ደቂቃ በምስጋናና በማብራሪያ ፈጀችው። «በዋርካ ሰፈር ቦኖው ከጥቅምት ጀምሮ ጠብታ ውሃ...» ስትል ድምፅ ማጉያው ጠፋ።

«የተከበሩ ተናኘወርቅ፣ ጊዜዎ አልቋል፤ ይቀመጡ» አሉ አፈ ጉባኤው።

ተቀመጠች።

የውሃ ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን ገልጠው «በተጠቀሰው ቦታ ፕሮጀክቱ መቶ በመቶ ተጠናቆ ሕዝቡ እየተጠቀመበት ይገኛል፤ የምክር ቤት አባላት መረጃ አጣርተው ቢያቀርቡ መልካም ነው» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ላይ ቋሚ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያይ፣ ያለችው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በሥነ ምግባር እንድትጠየቅ ተወሰነ። ነገሩ እንግዲህ ይኼው ነው፦ ወይ ውሃ የለም፣ ወይ ተናኘወርቅ ውሸታም ናት። ውሸታም ከተባለች ደግሞ ለዋርካ ሰፈር ሁለተኛ አፍ የሚከፍት አይገኝም።

ቅዳሜ ወደ ሰፈሩ ስትሄድ እትዬ ዘይባ ከጄሪካኖቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ለምን ተቀመጥሽ?»

«እትዬ ዘይባ፣ ድምፅ ማጉያውን አጠፉት እኮ።»

«አፍሽንም አጠፉት?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ተማሪ ዝም ያሰኘች ሴት፣ ማንበብ በማይችሉ እናት ፊት እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅራ የጄሪካን ጨርቅ ታፍተለትል ጀመር።

«እኔ ሂጅ ሲሉኝ ከወረፋዬ ሄጄ አላውቅም» አሉ እትዬ ዘይባ። «አንቺን የላክንሽ ለመቀመጥ ነው እንዴ? መቀመጥማ እዚህም አለን።»

ኮሚቴው በመጋቢት አንድ ሐሙስ መጣ። ሦስት መኪና፣ አንድ ካሜራ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገብረእግዚአብሔር የገዢው ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ ሽማግሌ። አስጎብኚው የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሰይፉ ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል።

ተናኘወርቅ ከመኪና ወርዳ ወደ ማጠራቀሚያው ታንከር አየች። መሬቱ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ዱካ አለ፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል።

«ትናንት አመሻሹ ላይ ውሃ የጫነ ቦቴ መጥቶ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠ» አሏት እትዬ ዘይባ በጆሮዋ።

ደሟ ፈላ። ቀጥ ብላ ሰብሳቢው ዘንድ ሄደች። «ውሃው በቦቴ ትናንት የመጣ ነው፤ ዱካውን ይመልከቱ!»

አቶ ሰይፉ ሳቀ። «ታንከሩን ለማጠብ የመጣ መኪና ነው። የተከበሩት ደግሞ ሁሉ ነገር ሴራ ይመስላቸዋል።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር። «ቧንቧው ይከፈት።»

አቶ ሰይፉ በራሱ እጅ ከፈተው። አራቱም ቧንቧ ጥርት ያለ ውሃ አወረደ። ካሜራው ተጠጋ። ጉድ ፈላ! ተናኘወርቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። «ሕዝቡም በሥርዓት ተሰልፎ እየቀዳ ነው» አለ አቶ ሰይፉ በጄሪካኖቹ ላይ እጁን ዘርግቶ። አይ ሰይፉ! ያችን ወረፋ ለካሜራ ብሎ ባያሳይ ኖሮ ወይም አንዴ እንኳ ቢቆጥራት ኖሮ!

አምስት ስድስት ሴቶች ቀዱ። አቶ ሰይፉ ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ቡታጅራ ምሳ ተዘጋጅቷል፤ ክትፎው እንዳይበርድ» አለና እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደ።

እትዬ ዘይባ በመካከል ገቡ። «ተው ልጄ። አይዘጋም።»

«እንዴት አይዘጋም?»

«ከተከፈተ የመጨረሻዋ ሳትቀዳ አይዘጋም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነን። ውሃው የመንግሥት ነው፤ ወረፋው ግን የኛ ነው።»

አቶ ሰይፉ ጥበቃዎቹን ጠቀሰ። ያን ጊዜ ተናኘወርቅ ሄዳ ከእትዬ ዘይባ ጎን ቆመች፤ ጀርባዋን ለቧንቧው፣ ፊቷን ለኮሚቴው። «ሕዝቡ እየተጠቀመበት ነው አላችሁ። ይጠቀምበታ! መቶ በመቶ ከሆነ አራት መቶ ጄሪካን ምን ያስፈራል?»

ሰብሳቢው ወረፋውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ሾፌራቸውን «ወንበር አምጣልኝ» አሉት።

ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ተቀዳ። ሴቶቹ እየሮጡ ይመጣሉ፣ ይሞላሉ፣ ይሸከማሉ። ሃፊዛ የምትባል የደረሰች እርጉዝ ከኋላ መጥታ ስትቆም፣ ሠላሳኛዋ ሴት ወረፋዋን ሰጠቻትና እሷ ከኋላ ሄደች። ሰብሳቢው ይህን አይተው «እንዲህ ይቻላል?» ብለው ጠየቁ። «መስጠት ይቻላል፤ መውሰድ ነው የማይቻለው» አሏቸው እትዬ ዘይባ። ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት ጄሪካን ሲደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ባለቤቷ በታኅሣሥ ሞታለች። ልጇ መጥታ ሞላችና እያለቀሰች ተሸከመችው። ተናኘወርቅም አለቀሰች፤ ለማን ብላ ትደብቀዋለች?

መቶ አለፈ። መቶ ሃምሳ። ውሃው እንደሆነ አይቀንስም። ተናኘወርቅ በሆዷ ትቆጥራለች፤ ሁለት ቦቴ ገልብጠው ከሆነስ? ሦስት ከሆነስ? አቶ ሰይፉ ደግሞ በስልክ ያንሾካሹካል፣ ይመለሳል፣ ይቁነጠነጣል። ሁለት መቶ ሲሞላ ኮቱን አወለቀ። ላብ በላብ ሆኗል።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንደኛው ቧንቧ ቀጠነ። ሁለተኛው ተከተለው። ሁለት መቶ ስልሳ ሦስተኛው ጄሪካን ላይ፣ ግማሹ ድረስ እንደሞላ፣ አራቱም አየር ተፉ። የጥቅምቱ ድምፅ ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ማንም እልል አላለም፤ ውሃ አልቆ ምን እልልታ አለ?

«የ... የመስመር ብልሽት ነው» አለ አቶ ሰይፉ፤ ምላሱ ተሳስሯል።

አቶ ገብረእግዚአብሔር ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ቀና ሲሉ፣ ቀድተው የጨረሱት ሴቶች ቤታቸው ገልብጠው ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው እየተመለሱ ነበር። እየመጡ ከወረፋው ጫፍ ይደረድሩታል። ማንም አላዘዛቸውም።

«ውሃው እኮ አልቋል» አሉ ሰብሳቢው።

«እስኪመጣ ነዋ» አሉ እትዬ ዘይባ። ከዚያ ከሰብሳቢው እጅ ላይ ባዶዋን የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ወሰዱ፤ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው አንገቷ ላይ አሰሩና ከጄሪካኖቹ መጨረሻ አቆሟት። «የርስዎ ወረፋ ይኸው። እኛ እንጠብቅልዎታለን። ማንም አይወስድብዎትም።»

ሰብሳቢው ጠርሙሷን እዚያው ትተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ክትፎውም ሳይበላ ቀረ።

ሪፖርቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ። መቼም የቢሮ ነገር! «ፕሮጀክቱ በአመዛኙ አገልግሎት እየሰጠ ሲሆን አልፎ አልፎ መቆራረጥ ታይቷል» ይላል። አቶ ገብረእግዚአብሔር የጻፉት ቁጥር ከበላያቸው ባሉ ሰዎች እጅ ሲያልፍ ተሰርዟል። ተናኘወርቅ አንብባ ወረቀቱን ጨመደደችው፤ መልሳ ዘረጋችው፤ ይዛው ገባች።

ሚኒስትሩ ባሉበት ጉባኤ ሦስት ደቂቃዋ ሲደርስ ምስጋና አላለች፣ መግቢያ አላለች። «ዋርካ ሰፈር ውሃ የለም» ብላ ጀመረች። ስለ ቦቴው ተናገረች፤ ስለ ጎማው ዱካ፣ ስለ ሰማያዊው ጨርቅ ተናገረች። «ከሪፖርቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ተሰርዟል፤ ቁጥሩም...» ስትል የድምፅ ማጉያዋ ቀይ መብራት ጠፋ።

«የተከበሩ ተናኘወርቅ፣ ጊዜዎ አልቋል፤ ይቀመጡ።»

ወንበሯን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋችው።

«አልቀመጥም» አለች፤ ያለ ድምፅ ማጉያ። ሰማንያ ዘጠና ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የሠለጠነ ጉሮሮ ነው፤ ጣሪያው ድረስ ተሰማ።

«የተከበሩ አባል፣ ሥርዓት ያክብሩ!»

«ሥርዓትማ ዋርካ ሰፈር ነው ያለው። የላኩኝ እንድቀመጥ አይደለም!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጠረጴዛ የሚደበድብም አለ። ሁለት የሥርዓት አስከባሪዎች በመተላለፊያው መጡ። ያኔ ከፊት ለፊት፣ ከገዢው ፓርቲ መደዳ፣ አንድ ቀይ መብራት በራ። አቶ ገብረእግዚአብሔር ጠረጴዛቸውን ተደግፈው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቆመዋል። ጎናቸው ያለው ሰው ኮታቸውን ሲጎትት ዞረውም አላዩት።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አሉ፤ «ቀጣዩ ተናጋሪ እኔ ነኝ። ሦስት ደቂቃ አለኝ። ወረፋዬን ለተከበሩ ተናኘወርቅ ሰጥቻለሁ።»

አፈ ጉባኤው ግራ ቀኝ አዩ፤ ደንቡን ያገላበጡ መሰሉ፤ የሚከለክል አጡ። የተናኘወርቅ መብራት በራ።

ውሃ እንኳ አልተጎነጨችም። ወደ ሚኒስትሩ ዞረች።

«ቁጥሩ ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ነው፤ እዚያ ላይ ነው የደረቀው። ከዚያ በኋላ ያሉት ጄሪካኖች እስከ ዛሬ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ማንም አላነሳቸውም፣ ማንም አያነሳቸውም። ክቡር ሚኒስትር፣ መቶ በመቶ ብለዋል። እስኪ ይንገሩን፤ የእርስዎ ጄሪካን ስንተኛው ነው?»