ዕቃ የማይነቃነቅበት ቤት

ሲጋቡ እሷ ሠላሳ ዘጠኝ፣ እሱ አርባ አራት ዓመታቸው ነበር። ዘመድ እንኳ «መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከተወ በኋላ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የራሷ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጣቃ ጨርቅ አላት። እሱ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መስመር» ይሉታል፤ እርሳሱ ብቻ ሳይሆን አካሄዱም፣ የሸሚዙ ተኩስም ቀጥ ያለ ነበርና። እሱ ደግሞ እሷን «ዘርፌ» ይላት ነበር። ስሟ አይደለም። መጋረጃም ሆነ ትራስ፣ የጠረጴዛ ልብስም ሆነ የሬዲዮ መሸፈኛ፣ ዳር ዳሩን ዘርፍ ካላንጠለጠለችበት ሥራው ያለቀ ስለማይመስላት ነው።

መኪና ሙሉ ዕቃ ጭና ነው የገባችው። የእሱ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጥቁር ጠረጴዛ፣ ሁለት ጥቁር ወንበር፣ ነጭ ግድግዳ፤ ሌላ ምንም የለም። ሸካሚዎቹ በር ላይ ቆመው ተያዩ። አንደኛው «እመቤት፣ ሰውየው ገና አልገባም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ሰውየው ሸካሚው ጀርባ ቆሞ ነበር። «ስምንት ዓመቴ ነው» አለና ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ።

ከዚያ ድርድር ተጀመረ። መኝታ ቤቱ በእሱ ደንብ፣ ወጥ ቤቱ በእሷ ደንብ እንዲሆን፣ ሳሎኑ ግን የጋራ እንዲሆን ተስማሙ። ለግድግዳው ቀለም አብረው ሊገዙ ሄዱ። እሷ የሮማን ፍሬ ቀለም ፈለገች፤ እሱ ነጭ። ሻጩ «ታዲያ እናደባልቀዋ» ብሎ ሁለቱን ቢያማታቸው፣ ለሕፃን ሳል የሚሰጠውን ሽሮፕ የመሰለ ነገር ወጣ። ይሁን ብለው ገዙት። ሁለት ቀን ሙሉ ጋዜጣ አንጥፈው፣ አሮጌ ልብስ ለብሰው ቀቡት። ሲጨርሱ መሐል ቆመው ዙሪያውን አዩት።

«ድድ ይመስላል» አለች።

«የታመመ ሰው ድድ» አለ።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኋላ ስታስበው፣ አብረው እንደዚያን ቀን የሳቁበት ሌላ ቀን ትዝ አይላትም።

ጸቡ በምንጣፍ ጀመረ። ከእናቷ የወረሰችው ባለ ዘርፍ ምንጣፍ ነበር፤ ሳሎኑ መሐል አነጠፈችው። እሱ በመጀመሪያው ቀን ጠልፎት ተንገዳገደ፤ በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ ምንጣፉ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ቆሟል። ምነው ብትለው «ወለሉ ይታየኝ» አላት፤ ሌላ ምክንያት አልነገራትም። ሆድ ባሳት፣ ግን ዋጥ አደረገችው።

ቀጥሎ ባለ ነሐስ እግር ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ገዝታ ገባች። ሳምንት ሳይሞላ የእግሩን አጥንት መታችውና ደሙ ካልሲው ድረስ ወረደ። በማግሥቱ ጠረጴዛዋን ደረጃ ላይ አወጣት፤ እስከ ማታ የወሰደ ወስዷት ነበር።

«መንገድ ላይ ናት» አለ ሲጠየቅ።

«የምን መንገድ? ሳሎን እኮ ነው» አለችው።

በጠረጴዛው ልብስም የሆነው ይኸው ነው። አበባ የተንቆጠቆጠበት ጨርቅ ስታለብሰው፣ ሻዩን ከስኒው ጎን አፈሰሰውና «ነጭ ብታደርጊበት አይፈስም ነበር» አላት። ልታለብስለት አንድ ወር ሙሉ ዳሩን በእጇ የሰፋችውን ጨርቅ እያየች፣ ይህ ሰው ይንቀኛል ብላ አሰበች።

አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። ዕቃዎቿ አንድ በአንድ ወደ ሱቋ ተመለሱ። ደንበኞች «ቤትሽን ወደዚህ አዛወርሽው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አንድ እሑድ ግን የመጨረሻዋን ትራስ ከወንበሩ ላይ አንስቶ ሲሰጣት ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሚስት አልፈለግህም» አለችው። «ሌላ ግድግዳ ነው የፈለግኸው።»

ፊቱ ጠቆረ። ዞሮ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ንዴት ነው መሰላት።

ይህ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ሴት የቢሮ መጋረጃ ልታሠራ ሱቋ መጣች። የባሏ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ በሠርጉ ቀን ተዋውቀዋል። የመስኮቶቹን ልክ ተነጋግረው፣ ጨርቅ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለመሆኑ እሱ እንዴት ነው? ከለቀቀ ወዲህ እኮ አንድ ቀን ብቅ አላለም።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሩን እጇ ላይ እንደጠመጠመች «ደህና ነው» አለች። ከዚያ የምታውቅ መስላ፣ አዙራ እየጠየቀች ነገሩን ከሴትየዋ አወጣጣችው። ከለቀቀ አራት ወሩ ነው። የአንድ ፎቅ ደረጃ ሲነድፍ ከዳር ያሉትን ሁለት መስመሮች ዘሏቸው ኖሯል። ኃላፊው በጊዜ ደረሰበት፤ ግን በዚያ ወር ሦስተኛው ስሕተት ነበር። ማንም ውጣ አላለውም። እርሳሶቹን ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ራሱ ሄደ።

በእነዚያ አራት ወራት ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳውን ይዞ ይወጣ ነበር። ሸሚዙን የምትተኩስለት እሷ ናት።

ሱቋን ዘግታ ቤት ገባች፤ እስኪመጣ መስኮቱ ላይ ቆማ ጠበቀች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል መጣ። የግቢውን አጥር በጣቶቹ እየነካ ይራመዳል። ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመና በጫማው ጫፍ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈለገ። መስኮቱን ትታ ወደ በሩ ሄደች። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች።

ከፈተ፤ ገባ። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፏት ሄደ። የወንበሩን መደገፊያ በእጁ ዳብሶ ካገኘ በኋላ ቦርሳውን አስቀመጠ። ከዚያ ቤት ውስጥ ማንም የለም ብሎ የሚያስብ ሰው እንደሚያደርገው ትከሻውን ጣለ፣ ዓይኖቹን በሁለት መዳፉ አሸ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አብራው ስትኖር ይህን ፊት አይታው አታውቅም።

«ከየት ነው የምትመጣው?» አለችው።

ደንግጦ ዘለለ። «ከሥራ» አለ።

«ጸሐፊዋ ዛሬ ሱቅ መጥታ ነበር።»

ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። «ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ» አለ። «ፊትሽን አያለሁ። የሄደው ዳር ዳሩ ነው። በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው። ቧንቧው ደግሞ እየጠበበ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጋባታችን በፊት።»

ያን ጊዜ ምንጣፉን አሰበች፤ ጠረጴዛዋን፣ አበባማውን ጨርቅ፣ ጠፍቶበት የነበረውን ስኒ። ነጭ ላይ ያለ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር ለይቶ የሚይዘው፤ ከእሷ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ቤቱን ባዶ ያደረገው ወድዶ አልነበረም። እሷ ፍቅሩን እየለካች የኖረችው በትራስና በምንጣፍ ነው። ማዘን ወይም መቆጣት አማራት፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን አላወቀችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ዘገየባት። የዘገየው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ በጆሮው መኖር ለጀመረ ሰው ግን በቂ ነበር።

«አየሽ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ በወደደች።

ሁለት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሁለተኛው፣ ሽማግሌው፣ ወረቀት ላይ ክብ ሣለ፤ በውስጡ ሌላ ትንሽ ክብ፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ነጥብ። መድኃኒት የለውም፣ ደጅ እየጠናችሁ አትድከሙ አላቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እጁን ያዘችው። እሱም አልከለከላትም፤ ግን አልጨበጣትም።

ቤቱን እሷው ባዶ አደረገችው። በረንዳ ላይ የቀረውን፣ ግድግዳ ላይ የተረፈውን፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ደርድራ የነበረውን ባለ ቀለም ሳህን ሁሉ አወጣች። ከዚያ አንድ ነገር ታያት፤ በእጅ የሚለይ ነገር ብሠራለትስ ብላ በየበሩ እጀታ ላይ ዘርፍ ሰፋች፤ ለመጸዳጃው ወፍራም፣ ለወጥ ቤቱ ቀጭን፣ ለመኝታ ቤቱ ባለ ሁለት ቋጠሮ። ሁለት ቀን ሙሉ የደከመችበት ነው። ማታ እያስጎበኘች አስነካችው።

«በር ላይም ጻፊበት እንጂ» አለ። «የዕውር ቤት ብለሽ ጻፊበት።»

በነጋታው መቀሷን አምጥታ ቆረጠቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቁጥር ቤት ሆነ። ከበሩ እስከ ወንበሩ አራት እርምጃ፣ ከወንበሩ እስከ ጠረጴዛው አንድ ተኩል። አንድ ቀን ልትጠርግ ወንበሩን ፈቀቅ አድርጋ ስልክ ጠራና ረሳችው። እሱ ከመኝታ ቤት ወጥቶ፣ በለመደው እርምጃ ሄዶ ወደቀበት። የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ የፊት ጥርሱ ግማሹ ሄደ። ይቅርታ ለመነችው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዕቃዎቹን እየዞረ በእጁ ይነካቸዋል፤ እስረኛ እንደሚቆጥር ዘበኛ። እሷም ወንበሮቹን ዙሪያቸውን እንጂ ሥራቸውን አትጠርግም ነበር።

ትታው ለመሄድ አላሰበችም አይባልም። ሻንጣ አውርዳ የመለሰችበት ቀን አለ። ግን ያቺ የዘገየች ቃል እግሯን ያዘቻት። ቀን በቀን በመቆየቷ የምትመልስለት ይመስላት ነበር። እሱ ግን እንደ መልስ አልሰማውም።

በሦስተኛው ዓመት ላይ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ቀረው። በአንድ ምሳ ሰዓት፣ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በቅጽል ስሟ ጠራት።

«ዘርፌ፣ ጨርቆችሽን መልሺያቸው። ከእንግዲህ ቀለም እኔን አይረብሸኝም።»

ለበጎ ነው የተናገረው። አንጀቷን ግን በላው። ቢሆንም ከሱቋ ምርጡን አመጣች፤ ሰማያዊ፣ ባለ ወርቃማ ዘርፍ፣ ለራሷ ሠርግ ሰፍታው አንድ ቀንም ያልተሰቀለ መጋረጃ። እሑድ ጠዋት ሰቀለችው። ፀሐይ ስትገባበት ሳሎኑ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ፊት ለፊቱ ቆማ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች።

«ሰቀልሽው?» አለ ከኋላዋ።

«ሰቀልኩት።»

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ዱሮ ቢሆን «ቲያትር ቤት አደረግሽው» ይላት ነበር፤ እሷም ትመልስለት ነበር። ለካ ያን ሁሉ ቀለም የምትሰቅለው አንድ ሰው አይቶ እንዲወደው፣ ካልሆነም አይቶ እንዲጠላው ነበር። አምስት ቀን ቆይታ አወረደችውና ለአንድ ደንበኛ ሰጠችው። አልነገረችውም። ፀሐይዋ ጉንጩ ላይ ስታርፍ መጋረጃው መነሳቱን ሳያውቅ አልቀረም፤ እሱም አልጠየቀም።

ታናሽ እህቷ አንድ ምሽት ሳታስነግር መጣች። በሩ አልተቆለፈም ነበርና ገፋ አድርጋ ገባች፤ ሳሎኑ ጭልም ብሏል። ሁለቱ በየወንበራቸው ተቀምጠዋል።

«መብራት የላችሁም እንዴ?»

«አለ» አለች እሷ።

እህቷ ማብሪያውን ተጫነች፤ ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ወጥ ቤቱን ብትሞክር በራ።

«እትዬ፣ አምፖሉ ተቃጥሏል። መቼ ነው የተቃጠለው?»

አላወቀችም። ሳምንት ይሆናል፤ ወርም ይሆናል። ከሱቅ ስትመለስ አራት እርምጃ ቆጥራ ትቀመጣለች፤ ሲመሽ ተነስታ ትተኛለች። ማብራት እንዳለባት ያሰበችበት ቀን ትዝ አላላትም።

እህቷ ወርዳ አምፖል ገዝታ መጣች። ልትቆምበት ወንበሩን ስትስብ ሁለቱም ባንድ አፍ «ተይው» አሏት። ደንግጣ ለቀቀችው፤ ከመታጠቢያ ቤት በርጩማ አምጥታ ቀየረችው። ብርሃኑ ሲፈስ እሷ ዓይኗን በእጇ ከለለች። ሻይ ተጠጣ። እህቷ ስለ ልጆቿ ትምህርት አወራች፤ የሚቀበላት ስታጣ ስኒውን አስቀምጣ ተነሣች።

መንገድ ድረስ ሸኘቻት። እህቷ ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

«አንድ ሳምንት እንኳ እኔ ጋ ነይ። ለሱ እኔ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ሌላ ሰው ዕቃ ያንቀሳቅሳል» አለች።

እህቷ ስታቅፋት አጥንቷ ቆረቆራት። ከዚያ ተለያዩና ደረጃውን ወጣች።

«ሄደች?» አላት ስትገባ።

«ሄደች።»

«መብራቱ በርቷል?»

«በርቷል።»

ጥቂት ቆማ ባዶውን ሳሎን አየችው። ዓይኗን አመማት። አጠፋችውና፣ አራት እርምጃ ቆጥራ ተቀመጠች።