ስለሚያስተዳድሩን ሰዎች

የሺአረግ በቢላዋ ጀርባ ስትፍቀው የቆየችው የቅስቀሳ ወረቀት ግማሹ ጥፍሯ ውስጥ ገብቶ ግማሹ የብረት በሯ ላይ ቀርቷል። ሙጫውን ራሷ ናት በፉርኖ ዱቄት ያፈላችው፤ ዝናብ ቢመጣ እንዳያነሣው ብላ ደህና አድርጋ አወፍራዋለች። ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ፣ ሙጫው ግን አለ። ከፎቶው ላይ የአቶ ካሳዬ ግንባርና አንድ ዓይናቸው ተነሥቷል፤ የቀረው ዓይን ያያታል። ከሥሩ የምርጫ ምልክታቸው ጃንጥላው እንደተዘረጋ ነው።

"ቢላዋሽን ታደንዢዋለሽ እንጂ እሱስ አይለቅም፣" አለች ሀጀር ከሱቋ መስኮት። "ሙቅ ውኃ ድፊበት።"

"ደፋሁበት።"

"እንግዲያ ተይው። ክረምቱ ይወስደዋል።"

"እስከ ክረምት እያየኝ ሊኖር?"

ሀጀር ሳቀች። የወሎ ሰው ናት፤ ገርጂ ገና አቧራና ባሕር ዛፍ ብቻ በነበረበት ጊዜ መጥታ ሱቅ የከፈተች፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በዱቤውም በጠባዩም የምታውቅ ሴት። ከየሺአረግ ጋር በር ለበር ናቸው።

ምርጫው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ጊዜው ግንቦት ሰማንያ ሰባት ነው። አቶ ካሳዬ በግላቸው የተወዳደሩ መምህር ነበሩ፤ የሺአረግ የምትሄድበት የካቶሊክ ጸሎት ቤት ምእመንም ናቸው። በሰፈሩ ካቶሊክ ጥቂት ነው። "የፈረንጅ ሃይማኖት" እየተባለ ያደገ ሰው፣ ከመካከሉ አንድ የተማረና የተከበረ ሲወጣለት ደስታውን አይችለውም። የሺአረግም አልቻለችውም። የስፌት መኪናዋን ሸፍና ቤት ለቤት እየዞረች "ይህ ሰው አይዋሽም፤ እንዴት እንደሚጸልይ በዓይኔ አይቻለሁ" ስትል ከረመች። ተንበርክኮም የሚዋሽ ሰው መኖሩ በዚያን ጊዜ አልታያትም።

በምርጫው ቀን የእጩ ወኪል የሚል ካርድ ደረቷ ላይ ለጥፋ በማለዳ ጣቢያው ደረሰች። አስመራጩ ካርዱን አየና ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ "እመቤት፣ ሰውዬው እኮ ትናንት ራሳቸውን አግልለዋል፤ አልነገሩሽም?" አላት። አልነገሯትም። በሳምንቱ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ሆነው መሾማቸው ተሰማ። ባሏ መንግሥቱ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ወሬውን ሰማና "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው ብዬሽ ነበር" ብሎ ተኛ። በየዓመቱ ለእሷ የሚሰጠው የተማሪዎች ዩኒፎርም ስፌት ደግሞ ዘንድሮ ለሌላ ሰው ሄደ። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

"እኔ ግን ጃንጥላው ላይ ነው ምልክት ያደረግሁት፣" አለች ሀጀር ስኳር እየመዘነች።

የሺአረግ ቢላዋዋን ያዝ አደረገች። "መውጣታቸውን ሳትሰሚ ነዋ።"

"ሰምቼ ነው እንጂ። አንቺን ሲያዋርዱሽ ሰልፉ ላይ አልነበርኩም? ጉልበቴ እያመመኝ እስከ እኩለ ቀን ቆሜ፣ ከወረቀቱ ያልተሰረዘውን ጃንጥላ መረጥሁ።"

"ድምፅሽን ጣልሽው እኮ፣ ሀጀር።"

"ወላሂ አልጣልሁትም። እመርጣለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁት ላንቺ ነው። እሱን የት አውቀውና?"

ሀጀር ልታጽናናት ብላ ነው፤ የሺአረግ ግን ባሰባት። ሰው በእሷ ቃል ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፤ እሷ ደግሞ ቃሏን የሰጠችው በእግዚአብሔር ስም ነበር። ቢላዋውን ጠርጋ ገባች፤ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደች።

አባ ገብረእዝጊ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ዘፍዝፈዋል። የአዲግራት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ "በቂ ነው" ይላሉ።

"አባ፣ የነገውን የምእመናን ጸሎት ይዤ መጥቻለሁ። ከነገ በኋላ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

በእሁድ ቅዳሴ ከስብከት በኋላ የሚነበበውን ልመና ጽፋ የምታመጣውም የምታነበውም እሷ ናት። አባ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩ።

"ስለ ቤተ ክርስቲያን፤ ስለ ሕሙማን፤ ስለ ሙታን። ስለ አገር መሪዎችስ?"

"የለም።"

"ባለፈው እሁድም አልነበረም።"

"አስተውለዋል ማለት ነው።"

"አርጅቼ ነው እንጂ አልደነቆርሁም።"

የሺአረግ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "አልቻልሁም፣ አባ። አፌ አይታዘዝልኝም። በልቤ የሌለውን በሰው ፊት ባነብ ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ሰፈሩን ሁሉ ዋሽቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።"

"አንቺ አልዋሸሽም። የዋሸ ሌላ ነው።"

"ለሰሚው ምን ለውጥ አለው?"

አባ እግራቸውን ከውኃው አውጥተው አዩት፤ እብጠቱ አልጎደለም፤ መልሰው ነከሩት።

"እኔ ለንጉሡ ጸልያለሁ፤ ወረዱ፣" አሉ። "ደርግ መጣ። ትምህርት ቤታችንን ሲወስድብን ጥርሴን ነክሼ ጸለይሁለት፤ እሱም ወረደ።"

"እንግዲያ ለእነዚህም ይጸልዩላቸዋ።"

አባ ገብረእዝጊ ውኃው እስኪፈስ ሳቁ። የሺአረግም ሳቀች። ከምርጫው ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ድካሙ እዚያው ነበር።

"የምነግርሽ ብልሃት የለኝም፣ ልጄ። እኔም ደክሞኛል። ስለ ተስፋ ስሰብክ አንዳንድ ቀን ለራሴም ጆሮ አይገባም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጸሎት ለሠራ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም። ለሚገባው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔስ ማን ይጸልይልኝ ነበር?"

"ጻፊው እያሉኝ ነው?"

"አላልሁም። የሌለሽን አታንብቢ። የሚያነብ ሰው ግን አንቺው ፈልገሽ አምጪልኝ።"

"ማንን?"

"እኔ ምን አውቄ።"

ተናድዳ ተመለሰች። ማንም እንደሌለ እሳቸውም እሷም ያውቃሉ። እቤት ስትደርስ ወረቀቱን አወጣችና ከመጀመሪያው ልመና ቀጥላ እንዲህ ብላ ጨመረች፦ "ቃላቸውን ለሚበሉ ሹማምንት፣ እግዚአብሔር እንደ ሥራቸው እንዲከፍላቸው።" ደጋግማ አነበበችው። አማረላት። አባ መሪዎች ካሉ፣ ይኸው መሪዎች። አንብባው ትሰናበታለች፤ ዳግመኛም አትመለስም።

እሁድ ጠዋት አቶ ካሳዬን በጸሎት ቤቱ በር አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ትከሻው ላይ ግን ሰፍቷቸዋል። የልብስ ሰፊ ዓይን አይተኛምና ይህን ከሁሉ በፊት አየች።

"የሺአረግ፣ እንደምን አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ላነጋግርሽ አስቤ ነበር። ጡረታዬ ደርሷል፤ ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ። ከላይ ጠሩኝና እምቢ ካልሁ የሚመጣውንም ነገሩኝ። ምን ላድርግ?"

"መውጣትዎን አይደለም እኮ። ቢያንስ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።"

"አፈርሁ።"

"እኔም አፈርሁ፣ ጋሽ ካሳዬ። የእኔ ግን በሰው ፊት ነው።"

ጥላቸው ገባች። ወረቀቱን መጽሐፍ ውስጥ ከተተችው። ቅዳሴው ተጀመረ። ንባቡ ተነበበ፤ አባ እንደ ልማዳቸው አጭር ሰበኩ። ተራዋ ሲደርስ ወደ አትሮኖሱ ወጣች።

"ስለ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ እግዚአብሔርን እንለምን።"

"አቤቱ ጸሎታችንን ስማን፣" አለ ሕዝቡ።

አንድ ድምፅ ጎደለ። አቶ ካሳዬ አርባ ልጅ ጸጥ የሚያሰኝ የመምህር ድምፅ አላቸው፤ ሁልጊዜም ከሕዝቡ ትንሽ ዘግይተው፣ ከሁሉም ጎልተው ይመልሳሉ። ልጆች ይስቁባቸዋል። ሳይገቡ ቀሩ እንዴ ብላ ቀና አለች። አሉ። ዱሮ ከፊት ነበሩ፤ አሁን የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሳቸው ያሉበት ወንበር ግን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም። አንገታቸውን ደፍተው ባርኔጣቸውን ያያሉ።

ደስ ይላት ዘንድ ጠበቀች። ደስ አላላትም። ያን ካርድ ደረቷ ላይ ለጥፋ ሰልፈኛው ፊት የቆመችበት ቀን ምን እንደተሰማት ታውቃለች፤ ያኔ ወንበር እንኳ አልነበራትም። አሁንም ተናድዳባቸዋለች። ይቅርም አላለቻቸውም። ወረቀቱ ላይ የጻፈችውን አየችው፤ ትናንት ያማረላት ነገር ዛሬ ውሻ ላይ የሚወረወር ድንጋይ መሰላት። አውራ ጣቷን ጽሑፉ ላይ ጫነችበት።

"ስለሚያስተዳድሩን ሰዎች፣" አለች፤ የሚቀጥለው ቃል ቸገራት። "ትልቅም ትንሽም ሥልጣን ስለያዙ፣ እግዚአብሔርን እንለምን።"

አባ ገብረእዝጊ ከመንበሩ ቀና አላሉም።

"አቤቱ ጸሎታችንን ስማን፣" አለ ሕዝቡ።

ከኋላ ድምፅ አልመጣም። የሺአረግ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነበረባት፤ አላለፈችም። ጠበቀች። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ይዛው ወጣች። የፊተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ መስመሩ የጠፋባት መስሏቸዋል። አቶ ካሳዬ ከንፈራቸው ተላወሰ፤ ምንም አልወጣቸውም፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

እሳቸው ካልቻሉ መልሱን ሌላ ሰው ሊልላቸው ይገባል። ሌላ ሰው ደግሞ በዚያ ወንበር አልነበረም።

"አቤቱ ጸሎታችንን ስማን፣" አለች የሺአረግ ብቻዋን፤ ከዚያም ስለ ሕሙማን ወደሚለው አለፈች።