የመስኮቱ ቁጥር

ልጄ ሞማኒ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሦስት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት፤ የሚነፋለት መድኃኒት ጠዋት አልቋል። ናይሮቢ ዝናብ ሲመታት ሞተረኛ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ ወደ ሆስፒታል የምሄደው በአውቶቡስ ሆነ።

ድሮ አውቶቡሳችን ለሒሳብ ብሎ አይቆምም ነበር። ሳንቲሙ ከኋላ ወንበር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ረዳቱ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት ይመለሳል፤ ሹፌሩ ይበራል። አሁን ባለንብረቱ "ረዳቶች ገንዘቤን በሉብኝ" ብሎ ሁሉም በስልክ ይክፈል አለ። የሁሉም ሰው ክፍያ ሳይገባ ጎማ አይዞርም።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይቼ ሒሳቤን ላክሁና ልጄን አቀፍሁት። አውቶቡሱ አልተነሳም።

"አንድ ሰው ይቀራል!" አለ ረዳቱ ሙሊ። "ያልከፈለ ማነው?"

የሞማኒ ከንፈር መጥቆር ጀምሯል። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ።

"እርስዎ ነዎት አይደል?" ጮህኩባቸው። "ስልክ ካልቻሉ ቤትዎ አይቀመጡም? የሰው ልጅ እያለቀ!"

"ከፍያለሁ፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

ሙሊ እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው መልእክት ማየት ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ስልኬን አፍንጫው ሥር ደቀንኩት። "እየው! ለባለንብረቱ ገንዘብ ሲባል ልጄን ልቅበር?"

አነበበው። "ማማ ሞማኒ... ይሄኮ የፓስተሩ ቁጥር ነው።"

በእኛ አውቶቡስ መስኮት ላይ የማይለጠፍ ነገር የለም። ከአውቶቡሱ የክፍያ ቁጥር ጎን፣ በሽተኛ እፈውሳለሁ የሚል ፓስተር የራሱን ለጥፏል። የላክሁት ለእሱ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አውቶቡሱን አስሬ የያዝኩት እኔው ነኝ።

እንደገና ልከፍል ስል የሚስጥር ቁጥሩን ሳትኩ። ደገምኩ፤ ሳትኩ። ሞማኒ ማፏጨቱን አቆመ። ፉጨቱ አስፈርቶኝ ነበር፤ ዝምታው ግን ባሰ።

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ ሳንቲም አውጥተው ፊታቸው ላለው ሰው ሰጡ። ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ሙሊ ጋ ደረሰ።

"አባት፣ ጥሬ ገንዘብ ከተቀበልኩ እባረራለሁ።"

"ተባረራ! አንተ ሌላ ሥራ ታገኛለህ። እሷ ሌላ ሞማኒ ከየት ታመጣለች?"

ሙሊ ሳንቲሙን ጨበጠና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ደበደበ። "ንዳው!"

ሹፌሩ እንደ ድሮው በረረ። ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ የልጄን ጀርባ እያሻሹ "ተንፍስ፣ የኔ ጌታ" ይሉት ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ልጄን ይዤ ወረድኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ልጄን ከእጄ መንጭቃ ገባች። የመድኃኒት ጭምብል አፉ ላይ አድርጋለት ትንሽ ሲቆይ ያ ፉጨት ተመለሰ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሞማኒ አሁን ደህና ነው፤ እንደ ሌላው ልጅ ጸጥ ብሎ ይተኛል። እኔ ግን ጸጥ ባለ ቁጥር ተነስቼ ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ።