የከረመ ቤንዚን

ሙሽራዋ ልጁ ማሪኤላ «ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በአባዬ ፎርድ ነው፤ ሌላ መኪና አልሳፈርም» ብላ ስለጸናች፣ ኤቤር መጋዘኑ ጥግ ከቆመችው መኪና ላይ ሸራውን ገፈፈ። ሚስቱ ኔልባ ጥላው ወደ ሞንቴቪዴዮ ከሄደች ወዲህ ያችን መኪና ያስነሳት አልነበረም፤ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ኔልባ ለልጃቸው ሠርግ መጥታ፣ ማቴ የሚባለውን ሻይ የምትጠጣበትን ቅል ይዛ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

ጎረቤቱ ቦቻ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «አዲስ ቤንዚን ጨምርባትና አስነሳት! ምን ያንቀረፍፍሃል?»

«አሮጌው ሳይወጣማ አይሆንም። ዝቃጩ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል።»

«አንተ ሰው፣ እንቁላል ለመጥበስም ስብሰባ ትጠራለህ እኮ!»

ኤቤር አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ የታንኩን ብሎን ፈታና ባልዲ ደቀነ። መኪናዋን ሲያቆማት ታንኩ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም ነበርና፣ የጠበቀው ጥቂት ጠብታ ነው። ቤንዚኑ ግን እንደ ደፈረሰ ሻይ ጠቁሮ፣ እንደ አሮጌ ቀለም እየሸተተ መውረዱን ቀጠለ። ባልዲው ሞላ።

«ሌላ ዕቃ አቀብዪኝ።»

ኔልባ ጄሪካን በእግሯ ገፋችለት።

«ይህን ሁሉ ማን ሞላው?» አለ።

«እኔ ነኛ። የሄድኩ ዕለት ጠዋት። በመኪናዋ ልሄድ ነበር፤ ሻንጣዬንም ጭኜ ነበር።»

«እና?»

«እና ምን! መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሷንም ከወሰድኩበት ምን ይቀረዋል ብዬ፣ ሻንጣዬን አውርጄ በአውቶቡስ ሄድኩ።»

ኤቤር በጀርባው እንደተኛ የሚንዠቀዠቀውን ያያል። ያኔ ይህን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያለቅስ እንደነበር ያውቃል። አሁን የተሰማው የእጁ መቀዝቀዝ ብቻ ነው።

«ብትነግሪኝ አወጣው ነበር» አለ። «ቤንዚን ይህን ያህል አይከርምም።»

«መቼ አናገርከኝና ልንገርህ?»

ይህም እውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አብረው ሠሩ። እሱ ታንኩን አጠበ፣ ቱቦዎቹን በአየር ነፋ፣ ካርቡራተሩን ፈታትቶ ሙጫ የመሰለውን ዝቃጭ ፋቀ። እሷ ብሎኖቹን በሳህን ይዛ አንድ በአንድ አቀበለችው። ባትሪ ቀይሮ፣ አዲስ ቤንዚን ጨምሮ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳላትና ጢሷን ለቃ ተነሣች።

«እኔ እኮ ሙሽራዋ ታረጃለች ብዬ ነበር!» አለ ቦቻ እያጨበጨበ።

ቅዳሜ ኤቤር ልጁንና ኔልባን ከኋላ አስቀምጦ ነዳ። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እልል ሲል፣ እሱ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ማሪኤላ ከመውረዷ በፊት አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ እሱም ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

እሑድ ኔልባ ወደ ከተማዋ ተመለሰች። ሰኞ ኤቤር ፎርዷን አስነሥቶ ብቻውን እስከ ወንዙ ደርሶ መጣ።

«የት ደረስክ?» አለው ቦቻ።

«የትም። ቆማ ቤንዚኑ እንዳይከርምባት ብዬ ነው።»