ጨው የማይቀመጥበት ጠረጴዛ

የገና በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው አባትየው በሻይ ማንኪያ ጨው ሲለኩ ልጃቸው አየቻቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ቸገረኝ ብሎ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አባቷ አርባ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ፣ ለአምስት መቶ በሽተኛ የሚሆነውን ጨው በጭብጣቸው ዘግነው "እጄ ያውቃል" የሚሉ ሰው ነበሩ። በማንኪያ የሚለካ አብሳይ፣ በሳቸው አባባል፣ ምርኩዝ ይዞ የሚጨፍር ሙሽራ ነው። አሁን እሳቸው ራሳቸው ማንኪያውን በቢላ ጀርባ ደልድለው ቁጥሩን ደብተር ላይ አሰፈሩ።

"አባዬ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?"

"የገናን ዝግጅት ነዋ።"

"ጨውም ይጻፋል?"

"መርማሪዋ ተነሣች ደግሞ!" አሉና ደብተሩን ዘጉ።

መርማሪዋ የቤት ስሟ ነው። ከስምንት ዓመት የውጭ ትምህርት ከተመለሰች ሦስተኛ ወሯ ቢሆንም ሻንጣዋን አራግፋ አልጨረሰችም፤ ትሂድ ትቅር ለራሷም አልለየላት። የቤቱን ነገር ግን አንድ በአንድ እያነሣች ትጠይቃለች። ያ መሳቢያ ለምን አይከፈትም? ይሄ መጋረጃ ለምን አጠረ? አክስቷ፣ "የተማረ ይግደለኝ ብዬ ነበር፤ በጥያቄ ይግደለኝ ግን አላልኩም" ትላለች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተዋጠላት አንድ ሕግም ነበረ። በዚህ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጨው አይቀመጥም። "ጨው ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው አብሳዩ ሥራውን ሳይጨርስ ሲቀር ነው" ይላሉ አባቷ። የአክስቷ እጮኛ አንድ ጊዜ በገና ምሳ ላይ ጨው ጠይቆ ሠርጉ እንደ ቀረ ይወራል። አክስትየዋ የቀረው በሌላ ምክንያት ነው ትላለች፤ ምክንያቱን ግን አትናገርም።

የዘንድሮው ምሳ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። በአባቷ እጅ ድንች ከመላጥ ተነሥቶ ዛሬ የትልቁ ሆቴል ዋና ሼፍ የሆነው ሰው ተጋብዟል። ሠልጣኞቹን የሚያስተምርለት ባለሙያ ይፈልጋል። "ገናን አብረን እንብላና እንነጋገርበታለን፣ ጋሼ" ብሏቸዋል። አባትየው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ቀና ብለው ሲራመዱ ታይተው አያውቁም።

መርማሪዋ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመረች። ማክሰኞ ወተት ምድጃው ላይ ሲያርር አባቷ አጠገቡ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ረቡዕ አንዱን ሾርባ "ጨዉ እንዴት ነው?" እያሉ ለሦስት ሰው አስቀመሱ። ሐሙስ ጠዋት እሷ ሻይ አቀረበችላቸው፤ በስኳር ፈንታ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨምራ። አባቷ እስከ አተላው ጠጡና፣ "እጅሽ ይባረክ" አሉ።

ያን ጊዜ በራሷ አፈረች። ምርመራ ደስ የሚለው መልሱ እስኪገኝ ድረስ ነው።

"ሻዩ ጨው ነበር፣ አባዬ።"

ብርጭቆውን ገልብጠው አዩት። "ከዚያ ከጉንፋኑ ወዲህ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አልጋ ላይ የጣለኝ ጊዜ። ሽታም የለ፣ ጣዕምም የለ። ምላሴ ካርቶን ሆነ።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"ማንም አያውቅም። አንቺም አታውቂም።" ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። "አብሳይ መቅመስ አቃተው ከተባለ ማን ያስተምርልን ይለዋል?"

"እኔ እቀምስልሃለሁ።"

በገና ዕለት ጠዋት በሩን ዘግተው ገቡ። አባቷ የበጉን ጭን በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሽተው ለሁለት ትሪ ከፈሉት፤ ኦቨኗ ትንሽ ስለሆነች አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሰዓት አላዩም። በየጊዜው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ኦቨኑ በር ያስጠጋሉ፤ አንዴ "ቆይ" ይላሉ፣ አንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጅቷ ለምን ብላ ልትጠይቅ ስትል ጭልፋ ዘረጉላት።

"በዛ" አለች ሾርባውን ቀምሳ። ውሃ ጨመሩ። "አሁንም ትንሽ በዛ።" ሥጋው ላይ ሊነሰነስ የተለካውን ጨው በግማሽ አስቀነሰችው። በጣም እርግጠኛ ነበረች።

ምሳው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀረበ። ቁመታቸው የማይገጥም ሁለት ጠረጴዛዎች ተጋጥመዋል፤ ወንበር የጎደለው ከምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ በውሰት መጥቷል። አክስትየዋ እንደ ወትሮዋ መጋጠሚያው ላይ ተቀምጣ፣ "የኔ ዕጣ ሁልጊዜ ገደል አፍ ነው" አለች። ሼፉ በአበባና በኬክ ታጅቦ ገባ። ሾርባው ተቀዳ።

  እናትየው ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች፤ ሼፉ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። አክስትየዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የሆስፒታልህን የደም ግፊት በሽተኞች ነው እንዴ የጋበዝከው?"

ልጅቷ አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ለሷ በልክ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፦ ስምንት ዓመት ጨው በሌለው የተማሪ ካፌ ቅቅል የኖረ ምላስ ነው ለአባቷ ያበደረችው። ሁሉን ስትጠራጠር ኖራ ምላሷን ለአንድ አፍታ እንኳ አልጠረጠረችም።

"ጥፋቱ የኔ..." ብላ ስትጀምር አባቷ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። የጨው ጣሳውን ይዘው ተመለሱና ጠረጴዛው መሐል ላይ፣ መጋጠሚያው ጋ፣ አስቀመጡት።

አክስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"ሥራዬን አልጨረስኩም" አሉ አባትየው ሼፉን እያዩ። "ጉንፋን ከጣለኝ ወዲህ ጣዕም አይለየኝም፣ አይሸተኝም። ሠልጣኞች ፊት ከመቆሜ በፊት ብታውቀው ይሻላል። የዛሬዋ ቀማሽ ልጄ ናት፤ እሷም ለካ ከኔ አትሻልም።"

እናትየው ከሹራብ ኪሷ የክብሪት ቀፎ አወጣችና ከውስጡ ሾርባዋ ላይ ጨው ነሰነሰች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ ባሏ።

"ሦስት ወር ሙሉ በምን የበላሁ መሰለህ?" አለች። "ደፍረህ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ደም ግፊቱ የያዘኝ እኔን ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው አክስትየዋ ነች፤ ቀጥሎ ሁሉም። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሼፉ ግን አልሳቀም። ከሾርባው ጋር የቀረበለትን ሥጋ በሹካ እየገለጠ በጥሞና ያየው ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ሥጋ እኮ ላዩ ኮሽ ይላል፣ ውስጡ ግን ጭማቂው አልደረቀም። ሳይሸትዎት መድረሱን በምን አወቁ?"

"ይናገራል።"

"ማን?"

"ሥጋው ነዋ። ድሮም በጆሮዬ ነበር፤ አፍንጫዬ ሲሠራ ልብ አላልኩትም እንጂ። ሁለተኛው ትሪ ኦቨን ውስጥ ነው፤ ና ስማ።"

ሼፉ ናፕኪኑን ደረቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥ ቤት ገባና ኦቨኑ ሥር በርከክ አለ። "ምንም አይለየኝም" አለ ቆይቶ። ደግሞ አዳመጠ። "ሰኞ በሁለት ሰዓት ይምጡ፣ ጋሼ። ጨው የሚቀምስ ሞልቶናል። ይሄን የሚሰማ ግን የለንም።"

አባትየው የደረቀ እጃቸውን በፎጣ ደግመው አደረቁ።

ልጅቷ ሼፉን ገፋ አድርጋ ጎኑ ተንበረከከች። መጀመሪያ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሰማች። ከዚያ ዝናቡ ሳሳ፤ ጠብታ በጠብታ ሆነ።

"አባዬ፣ ድምፁ ለምን ቀነሰ?"

"አሁን ገና ጥያቄ ጠየቅሽ" አሉና ፎጣውን ሰጧት። "አውጪው።"